አባቴ ቅቤ የቀቡት ወንበር

ሌላው ሰው ከሥራው የሚሰናበተው በደብዳቤ ነው። እኔን ያሰናበተኝ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ጨርቄን ይዤ የመኪና መቀመጫ ላይ ጎንበስ ብል ጣቴ እንቢ አለኝ። አልታጠፍ፣ አልጫን አለ። "ተው እንጂ ወዳጄ" ብዬ ለመንሁት፤ አሸሁት፤ የሞቀ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። ወይ ፍንክች! እኔ ደግሞ ቆዳን የማውቀው በዚህ ጣት ነው። ዓይኔንማ ቀለም ያታልለዋል። ጣቴ ካልነገረኝ መገመት እጀምራለሁ፣ እየገመቱ የሰው ንብረት መንካት ደግሞ እኔ ዘንድ የለም። ስለዚህ ወረታ መገንጠያው አጠገብ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችኝን ቤት ዘጋሁና ገባሁ።

ቤት መዋል ስጀምር የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች ጥያቄ አበዙብኝ። አንዱማ፣ "ጋሽ ይርዳው፣ ያን ሁሉ ዘመን የሰው መቀመጫ ሲጠርጉ አልሰለቸዎትም?" አለኝ። ሲጠርጉ! እስቲ ይታያችሁ! የሚጠረገው አስፋልት ነው። የእነሱን የላስቲክ መቀመጫማ በእርጥብ ጨርቅ ላፍ አድርጎ መሄድ ነው፣ ማንም አይጠይቃቸውም። ቆዳ ግን ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ቅባቱን ይጠጣል፣ ሲበቃውም በቃኝ ይላል። በፎገራ ሜዳ ላይ የቆዳ መቀመጫ ያለው መኪና ኖሮት የእኔን ደጅ ያልረገጠ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። እየጎረርሁ ነው? አዎ፣ እየጎረርሁ ነው! ማን ይከለክለኛል?

በዚህ ሥራ ቤት ሠርቼበታለሁ፣ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ከልቤ የፈለግሁት ግን ሌላ ነገር ነበር። አባቴ፣ አቶ አየነው፣ አፋቸውን ሞልተው በሰው ፊት "ልጄ ቆዳ ሠሪ ነው" እንዲሉልኝ ነበር የምፈልገው። ይኼንን ለመስማት ስንት ዘመን እንደጠበቅሁ የምናውቀው እኔና ፈጣሪ ነን።

አባቴ ጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ሩዝ ወደ አገራችን ሳይገባ ጤፍና ጓያ፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ሩዝ ያመርታሉ፤ ከብቶቻቸው ሲታዩ ዓይን ይሞላሉ። የተከበሩ ሰው ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ያን ጊዜ ቆዳ የሚሠራ ሰው ስሙ ክፉ ነበር። "ፋቂ" ይሉታል፤ ዓይነ ክፉ ነው ይሉታል፤ ልጁን አያገቡለትም። ስንት ባለ እጅ በዚህ ስም ተዋርዶ ኖሮ ተዋርዶ ሞተ! የሚያናድደኝ ደግሞ ያለ ቆዳ አንድ ቀን የማያድሩት ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስሩበት ምራን ቆዳ ነው። ጅራፉም ቆዳ ነው፣ እህሉ የሚሞላበት አቁማዳም ቆዳ ነው፣ የሚተኙበትም ቁርበት ነው። አባቴ ራሳቸው ማታ ማታ ቁጭ ብለው ምራናቸውን በቅቤ ሲያሹ አይታክታቸውም። ልጃቸው ቆዳ ሲነካ ግን ነውር ሆነባቸው። "የበኩር ልጅህ የት ገባ?" ብሎ ሰው ሲጠይቃቸው "ወረታ ነው፣ መኪና ቤት" ይሉ ነበር። መኪና ቤት! እሱ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አላብራሩም።

ወረታ የገባሁት ላቫጆ ውስጥ መኪና ለማጠብ ነበር። አንድ ቀን አቧራ የጠጣ ትልቅ የመስክ መኪና መጣና አጠብሁት። ውጭውን ስጨርስ በሩን ከፈትሁና ቱቦውን ወደ ውስጥ፣ ወደ መቀመጫው አዞርሁ። አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ቱቦውን ከእጄ ነጠቁኝ።

"አንተ! ፊትህን የምትታጠበው እንዲህ ነው?" አሉኝ።

"ውስጡም ቆሽሿል እኮ" አልሁ።

"እጅህን አምጣ።" አውራ ጣቴን ያዙና መቀመጫው ላይ ጫን አድርገው ያዙት። "ምን ይልሃል?"

"ምንም አይለኝም።"

"ይልሃል። ነገ በጠዋት ቤቴ ና።"

እኒህ የኔታ ፈንታ ናቸው። የቤተ ክህነት ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው የድጓ መምህር ነበሩ። እሳቸው ደግሞ በወጣትነታቸው መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ። የብራናውን ጥራዝ በእንጨት ገበታ መሀል አድርገው ቀይ ቆዳ ያለብሱታል፤ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትሙበታል። ዓይናቸው ለእንደዚያ ያለ ጥቃቅን ሥራ ሲደክም ወረታ ወረዱና የመኪና ወንበር መስፋት ጀመሩ። የቆዳ መቀመጫ ያላቸው መኪኖች በከተማችን ማለፍ ሲጀምሩ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። ሾፌሩም ሹሙም "የኔታ" ነው የሚላቸው።

የኔታ እጃቸውን ሳይታጠቡ ቆዳ አይነኩም። ታጥበው፣ አድርቀው፣ አማትበው፣ ከዚያ መጀመሪያ ያሸትታሉ። አፍንጫቸውን መቀመጫው ስፌት ላይ ያስጠጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ ባለመኪናው ግራ ይገባዋል። ቀጥሎ ወንበሩን ገልብጠው ከሥሩ፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ ሳሙናቸውን ጠብ አድርገው ይሞክራሉ። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ ሥራውን አይጀምሩም። "ያልሞከርኸውን ፊት ለፊት አትንካ" ሲሉኝ ኖረዋል። ውኃውን በቆዳ ላይ አፍስሰው አያውቁም። ሳሙናውን ሳህን ላይ ይመቱትና አረፋውን ብቻ በስፖንጅ ያነሣሉ። ፀሐይ ያለበት ቦታ ሥራ የለም። ስፌቱ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ወሬ የለም፤ ብታናግራቸው አይመልሱልህም። የሚቀቡትን ራሳቸው ነበር የሚያዘጋጁት፤ የማር ሰም በጉሎ ዘይት ያቀልጣሉ፣ ሲበርድ ጥቂት በመዳፋቸው ያሞቃሉ፣ ስስ አድርገው ያሻሉ፣ ይጠብቃሉ፣ የተረፈውን ጠርገው ያነሣሉ። እኔ ያስቸገረኝ ይኼ መጠበቁ ነው። እኔ የችኩል ዘር ነኝ። የኔታ ግን ወንበሩ እየጠጣ እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ሾፌር እያለቀሰ ሊባል በሚችል ሁኔታ መጣ። የአለቃው መኪና መቀመጫ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ቢያጥበው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ሰውየው ሰይጣን የገባበት መስሎት ነበር። የኔታ ጣታቸውን አርሰው ነጩን ነካ አደረጉና ወደ ምላሳቸው ወሰዱት። "ወንዛዬ ሄደህ ነበር?" አሉት። ሾፌሩ ደነገጠ። ለካ የአለቃውን ዘመዶች ፍል ውኃው ድረስ አድርሶ፣ ተጠምቀው ገላቸው ሳይደርቅ ጭኖ ኖሯል የመለሳቸው። የፍል ውኃው ጨው ነው ቆዳው ላይ የቀረው። "ቅመሰው" አሉኝ እኔን። "ኸረ የኔታ!" "ቅመስ አልሁ!" ቀመስሁት። ለብ ባለ ውኃ ላይ አቼቶ ጠብ አድርገን፣ ጨርቅ አርሰን ጨምቀን፣ ቀስ እያልን አነሣነው፤ ከዚያ አለሰለስነው። ከዚያ ወዲያ ከወንዛዬ የሚመለስ መኪና ሳይቆም አያልፍም ነበር።

የእኛ አገር ቆሻሻ ደግሞ ሌላ ነው። የዋልካ ጭቃ አለ፤ እርጥቡን ከነካኸው ቆዳው ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ታግሠህ ድርቅ ሲል ነው በለስላሳ ብሩሽ የሚራገፈው። የሩዝ ወፍጮ አቧራ አለ፤ ስፌት ውስጥ ይደበቅና ክሩን እንደ ብል ይበላዋል። እሱን በዶሮ ላባ ነው የማወጣው። ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ላባ ይደርሳል። ላባውን ያመጣሁት እኔ ነኝ እንጂ የኔታ አይደሉም፤ ይኼ ይመዝገብልኝ!

በአባቴ ማዘኔን ያወቁት የኔታ አንድ ቀን ሳይነግሩኝ በቅሎ ተከራይተው እኛ ቤት ሄዱ። ቤተ ክህነት ናቸውና አባቴ ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ እግራቸውን አጠቧቸው፤ ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ነገሩ ተነሣ።

"እርስዎ ቅዱስ መጽሐፍ ነበር የሚደጉሱት፤ እሱ ክብር ነው" አሉ አባቴ። "መጽሐፍ መደጎስና ሰው የሚቀመጥበትን ማሸት አንድ ነው?"

"አቶ አየነው፣ በሬው እኮ መጽሐፍ ልልበስ ወይስ መቀመጫ ልሁን ብሎ አይደለም የታረደ" አሉ የኔታ። "ቆዳው አንድ ነው። የልጅዎ እጅም ንጹሕ ነው።"

አባቴ ሳቁ፤ ግን አልተረቱም። "እርስዎን አከብራለሁ፤ ነገሩ ግን አይዋጥልኝም" ብለው ሸኟቸው። ይኼን ሁሉ በኋላ የነገሩኝ የኔታ ናቸው።

በመሀል ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፣ ነገር ሁሉ እንዲያበራ ይፈልጋል። "አብራልኝ! እንደ መስታወት አብራልኝ!" ነው ቀኑን ሙሉ። ከጣሳ የሚረጭ የሚያንጸባርቅ ነገር ነበረው። ይረጩታል፣ ያንጸባርቃል፤ ባለቤቱ ደስ ብሎት ይወስደዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ቆዳው አቧራውን ሁሉ ስቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ተሰነጣጠቀ ተረከዝ ሆኖ ይመለሳል። አንድ ቀን አንዱን ወንበር ግማሹን በእሱ ጣሳ፣ ግማሹን በየኔታ ሰም ሠራሁና ደጅ ላይ ትቼው ከረምሁ። ከዚያ እጁን ይዤ አስነካሁት። ጣሳውን ከመደርደሪያው አነሣው። የማር ሰም ይግዙለት አለ። ያን ቀን ከጋራዡ ስወጣ በእግሬ መሬት የምረግጥ አይመስለኝም ነበር።

እንዲህ እንዲህ ስል ወረታ ተመለስሁና የራሴን ቤት ከፈትሁ። የኔታ አርጅተው ሥራ አቁመዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየመጡ ደጄ ላይ ይቀመጡና ሥራዬን ይነቅፋሉ።

አሁን ወደዚያ ወንበር ልምጣ።

አቶ ደሳለኝ የሚባሉ የሩዝ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ሙሽሪት የምትሄድበት መኪና መቀመጫው የወተት ቀለም ያለው፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳበት ለስላሳ ቆዳ ነው። እንደዚያ ያለ ቆዳ በእጄ ገብቶ አያውቅም። "ይርዳው፣ ልጄ ነጭ ለብሳ ነው የምትቀመጥበት፤ አደራ" አሉኝ። ወንበሮቹን ፈትቼ አወጣሁ፤ አጠብኋቸው፤ ቀለማቸው ሲወጣ እኔ ራሴ ቆሜ ቀረሁ፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደ ንጋት ነበር የሚታዩት። ሊደርቁ ጥላ ሥር አቆምኋቸውና ለጎረቤቴ "ዓይንህን ጣል አድርግልኝ" ብዬ ክር ልገዛ ገበያ ወጣሁ።

ያን ሰሞን ሚስቴ ወልዳ ነበር። አባቴ የአራስ ቅቤ በቅል ሞልተው ከጉማራ መጡ። ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ቤት ነበር የሚሄዱት፤ ሥራ ቦታዬን ረግጠው አያውቁም። ያን ቀን ምን እንደመራቸው እንጃ፣ ሱቄ ገቡ። ጎረቤቴም አባቴ መሆናቸውን አይቶ አሳለፋቸው፤ ምን ብሎ ይከልክል?

ስመለስ ገና ከሩቅ፣ "ና! ና እይ!" አሉኝ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ወዝቷል። "ይኼ ቆዳ ተጠምቶ ሳየው አላስቻለኝም። ውኃ ብቻ አጠጥታችሁት ትተዉታላችሁ? የእናትህን ቅቤ አጠጣሁት! ተመልከት እስቲ፣ እንደ ምራኔ አላደረግሁትም?"

ቀረብ ብዬ አየሁ። የሾፌሩን ወንበርና የኋላውን ረጅሙን ወንበር ከላይ እስከ ታች፣ ከስፌት እስከ ስፌት፣ ለጋ ቅቤ አጥግበውታል። ምራን ሌላ ነው፤ ገላው የተራቆተ ቆዳ ነው፣ የሰጡትን ይጠጣል። የመኪና ቆዳ ግን ከላዩ ቀለም ለብሷል። ቅቤው በላዩ አይገባም፤ በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በስፌቱ ሾልኮ ከሥር ያለው ስፖንጅ ውስጥ ይተኛል። በወረታ ሙቀት ደግሞ ቅቤ ስፖንጅ ውስጥ ተኝቶ ምን እንደሚሆን አስቡት። ያ የወተት ቀለም እዚያው ዓይኔ ሥር እየጠቆረ ነበር።

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፣ "እኔ እኮ ሥራህ እንዲህ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር" አሉኝ። "ሸጋ ሥራ ነው፣ ልጄ። ለካ ሸጋ ሥራ ነው።"

አሁን ምን እላለሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የናቁትን ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው ነክተው፣ ወደውት፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ቆመዋል። "አበላሹብኝ" ካልሁ ያ እጅ ሁለተኛ ወደዚህ ቤት አይመለስም። "እግዜር ይስጥልኝ አባቴ" አልሁ። 

በዚህ መሀል የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ደረሱ። በሩ ላይ ቆም ብለው አሸተቱ። ወንበሩን አዩ፤ የአባቴን እጅ አዩ፤ እኔን አዩ። 

"አቶ አየነው፣ እንዲህ ያለ ቅቤ ከየት አገኙ?" አሉ። "በሉ አራሷ ትጠብቃለች፤ የተረፈውን ይዘው ወደ ቤት ይዝለቁ፤ እኛ እንጨርሰዋለን።"

አባቴ ዘወር እንዳሉ የኔታ መቋሚያቸውን ጣሉ። "መቼ ነው የሚፈለገው?"

"ነገ ከሰዓት ሊወስዱት ነው።"

"ሩጥ! የሩዝ ዱቄት አምጣ፤ ልሙን፣ ዱቄት የሚባለውን!"

ዱቄቱን ነሰነስን፤ ቅቤውን ሲመጥ ጠብቀን አራገፍን፤ እንደገና ነሰነስን። አረፋ፣ ጨርቅ፣ ዱቄት፤ አረፋ፣ ጨርቅ፣ ዱቄት። ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ተንበርክከው አብረውኝ ሠሩ። የሾፌሩ ወንበር እየጠራ መጣ። የኋለኛው፣ ሙሽሪት የምትቀመጥበት፣ ከላዩ ስናጸዳው ከውስጡ ይወጣል፤ ስናጸዳው ይወጣል። በማግሥቱ ረፋድ ላይ መሀሉ ላይ የጎማ ክዳን የሚያህል ጥቁር ጥላ ይዞ ቀረ። የኔታ አውራ ጣታቸውን ጫን አደረጉበትና ለረጅም ጊዜ ያዙት። "በቃ፤ አሸነፈን" አሉ። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። እኒያ ሰው "አሸነፈን" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አቶ ደሳለኝ መጡ። "ምን ነካው ይኼ?"

"ቅቤ።"

"ቅቤ? ማነው የመኪና ወንበር ቅቤ ያስነካው?"

"እኔ ቤት ውስጥ ነው የተነካው። ኃላፊው እኔ ነኝ፤ የወንበሩን ቆዳ በራሴ አስቀይራለሁ።"

"ቆዳ ዐዋቂ ነው ብለውኝ ነበር እኮ!" አሉ ለቆመው ሁሉ እየዞሩ። "ልጄን ነጭ አልብሼ ቅቤ ላይ ላስቀምጣት?" ሙሽሪት በተዋሰ መኪና ሄደች። ቆዳውን አስቀየርሁላቸው፤ ይቅርታውን ግን አላገኘሁም።

ወረታን ታውቋት የለም? ወሬው ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ስሜ "ቅቤው" ሆነ። ሾፌሮች ከጋቢናቸው አንገታቸውን አውጥተው፣ "ቅቤው! ዛሬ ለጋ ነው ንጥር?" ይሉኛል። ደንበኛ ሸሸኝ። ሚስቴ፣ "እውነቱን ለምን አትናገርም? ስምህን ለምን ታስጠፋለህ?" ብላ አለቀሰች። "ተዪ፤ ከተናገርሁ አባቴ ጆሮ ይደርሳል" አልኋት። ጎረቤቴንም አስማልሁት። የኔታ እስኪሞቱ ድረስ ለማንም አልተነፈሱም፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ።

ታዲያ የሚገርመው ምንድን ነው? ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ከአንበሳሜ በኩል መኪናውን ነድቶ መጣና እያፈረ፣ "እናቴ ምርቃት ብላ መቀመጫዬን ቅቤ ቀባችብኝ" አለኝ። ከዚያ ሌላ መጣ፤ ከዚያ ሌላ። ለካ አባቴ ብቻ አልነበሩም! ልጁ መኪና የገዛለት የገበሬ ቤት ሁሉ እንደ ምራን፣ እንደ ቁርበት ሲያሸው ኖሯል። ያ ሽንፈት እንቅልፍ ነስቶኝ ስለነበር መላ ስፈልግለት ከርሜ ነበር። ስህተታችን ከላይ መጀመራችን ነው። የወንበሩን የኋላ ስፌት ፈትቼ፣ ስፖንጁን አውጥቼ፣ የሞቀ የሩዝ ዱቄት ከቆዳው ጀርባ ስከምርበት ቅቤው ወደ ዱቄቱ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ቅቤ የነካው መቀመጫ የሚድነው እኔ ቤት ብቻ ሆነ። ቅቤው የሚለው ስም ግን አልለቀቀኝም። መኪናውን ሊያስድን የመጣውም "ቅቤው የት ነው?" እያለ ነው የሚመጣ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ብቅ እያሉ ሥራዬን ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። ለእኔ ብቻ "ሸጋ ነው" ይሉኛል። ሰው ሲጠይቃቸው ግን ያው ነው፤ "መኪና ቤት።"

አጎቴ ልጁን የዳረ ጊዜ ዳሱ ውስጥ አገር ምድሩ ተቀምጧል። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከላይ ናቸው፤ እኔ በታች በኩል ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። ሙሽራ ያመጣ አንድ የወረታ ሾፌር ጠላው ገፋ አድርጎት ኖሮ ሲያየኝ ተነሣ።

"ቅቤው! አንተ እዚህ ነህ? ይኼን ሰው ታውቁታላችሁ? የሠርግ መኪና ቅቤ የቀባ ሰው እኮ ነው! እንደ ሙሽራ ራስ!"

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምጄዋለሁ። አንዱ ሽማግሌ፣ "የአራሽ ልጅ የፋቂ ሥራ ልሥራ ሲል እንዲህ ነው የሚሆን" አለና ሳቁ እንደገና ተነሣ።

አባቴ አልሳቁም። "የማንን መኪና?" አሉ ሾፌሩን።

"የአቶ ደሳለኝን ነዋ! የወተት መሳይ ወንበር! የልጃቸው ሠርግ ዋዜማ!"

አባቴ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። "ይርዳው" ብለው ጠሩኝ።  "አራስ ልጠይቅ የመጣሁ ቀን ያሸሁት ነው?"

"ይተዉት አባቴ።"

"ነው ወይስ አይደለም?"

"ነው።"

ተነሡ። ያን ጊዜ አርጅተዋል፤ ሁለት ሰው ሊደግፋቸው ቢል እጃቸውን አስወገዱ።

"ስሙኝ" አሉ። "ያንን ወንበር ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። በዚህ በእጄ። ማንም አላዘዘኝም፤ ያወቅሁ መስሎኝ ነው። ይኼ ልጅ ስድቡን ተሸክሞልኝ ይኼን ሁሉ ዘመን ዝም አለ። እኔ መኪና ቤት ነው እያልሁ እሱን ስሸሽግ፣ እሱ እኔን ሲሸሽገኝ ኖሯል።" እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ልጄ ቆዳ ሠሪ ነው። ሰማችሁ? ፋቂም በሉት የፈለጋችሁትን በሉት። ልጄ ቆዳ ሠሪ ነው!"

ያ ሽማግሌ አንገቱን ደፋ። ሾፌሩ የት ይግባ፣ ጠላውን ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔ እንዴት ከላይ እንደደረስሁ አላውቅም፤ ብቻ ራሴን አባቴ አጠገብ አገኘሁት። እጃቸውን ያዝሁ። ጎተት አድርገውኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ለመሆኑ ወንበሩ ዳነ?" አሉኝ።

"የሾፌሩ ዳነ። የኋለኛው እንቢ አለን።"

"የሙሽሪትን አበላሸሁት በለኛ!" አሉና ሳቁ። ትከሻቸው እስኪናወጥ ሳቁ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጢሜን ይዤ፣ የልጆች አባት ሆኜ፣ እንባዬን ማቆም አቃተኝ።